ድሮ የተባለው ፊደል

በ2094 ዓ.ም. በወይራ አምባ ከተማ ንጹሕ ጽሑፍ የሚያምን ሰው ጠፍቶ ነበር። ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ መስመሩን ጠብቆ የተሰለፈ ፊደል ሲያይ ሰው አንገቱን አዙሮ ያልፋል። ማሽን የጻፈው ነዋ። ማሽን ደግሞ ጠዋት ያሻውን ጽፎ ከምሳ በኋላ ይደልዘዋል። ሰው ልቡን የሚሰጠው ለአሮጌ ፊደል ነበር፤ ፀሐይ ለጠጣው፣ ዝናብ ላጠበው፣ መንገደኛ በትከሻው እየታከከ ላለፈው።

ስለዚህ አሮጌ ፊደል የሚሠሩ ሰዎች ይፈለጉ ነበር። ትርሲት አንዳርጌ አንዷ ናት። ዕድሜዋ አርባ አንድ፣ ከጥፍሮቿ ሥር ቀለም የማይጠፋ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የምትሠራበት ቤት ቀድሞ ጋራዥ ነበር፤ አሁን በሩ ላይ «ማስረጃ ክፍል» ይላል። አዲሱን ነገር የሚያስረጁበት ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። ግን በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው የቦታ ካርታውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ማስረጃ የሚሰጡበት ቢሮ መስሎት ከች ይላል። ዘበኛዋ «እዚህ አይደለም አባቴ፣ ወደ ላይ ይውጡ» ብላ ትመልሰዋለች።

ትርሲት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሽርጧን ታጥቃ ትቀመጣለች። ፊደሉን በዋንዛ ሰሌዳ ላይ በመሮ ትቀርጻለች፤ ቀለም ቀብታ ወረቀት ላይ ታትመዋለች። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ሰሌዳውን በሽቦ ብሩሽ ትፈገፍገዋለች፣ በአሸዋ ታሸዋለች፣ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ጣሪያ ላይ ታሰጣዋለች፣ ጥግ ጥጉን በፍም ትለበልበዋለች። ከዚያ እንደገና ታትመዋለች። የ«ሀ» አንድ ጎኗ ሲጎድል፣ የ«ጠ» መሐሏ ሲላጥ፣ ያኔ ደረሰ ይባላል፤ እትሙ በማሽን ተቀድቶ ለፈለገው ጽሑፍ ሁሉ ያገለግላል። ለእያንዳንዱ ፊደል መጀመሪያ ሁለት ሁለት መንትያ ሠራች። አንድ ቃል ውስጥ ሁለት «ለ» ቢገጥሙ አንድ ዓይነት ጭረት ኖሯቸው እንዳያሳብቁ ነው። ባለፈው ኅዳር ሁለቱ አይበቁም ተባለና ሦስተኛ ታከለ። ሥራው ከተጀመረ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ምትኩ ፊደሉን «ድሮ» ብለው ሰየሙት።

ድሮ መጀመሪያ የወጣው በማር ማሰሮ ላይ ነበር። ቀጥሎ የሠርግ መጥሪያ፣ ቀጥሎ የሆቴል የምግብ ዝርዝር፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የአውቶቡስ ግንባር። በመድኃኔዓለም መንገድ አንድ ዳቦ ቤት ተከፈተ፤ ግንባሩ ላይ በድሮ «ከ2041 ጀምሮ» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ ግማሹ ረግፏል፤ «ጀ» ልትወድቅ ተንጠልጥላለች። ዳቦ ቤቱ የተከፈተው በጥቅምት ነው። በታኅሣሥ ሰልፍ ላይ የቆሙ ሴቶች አባታቸው ከዚያ ቤት ይገዛላቸው ስለነበረው ዳቦ ያወሩ ነበር። ትርሲት መጀመሪያ ሳቀች። አንድ ቀን ግን ለሥራ ባልደረባዋ፣ በልጅነቷ ከዚያ ዳቦ ቤት ደጃፍ ስለሚወጣው የሽልጦ ሽታ መንገር ጀመረች። መሐል ላይ አቆመች። ባልደረባዋ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የከተማው ትእዛዞች በድሮ መውጣት ጀመሩ። «እዚህ መቆም ክልክል ነው።» «ከዚህ ምንጭ አይቀዳም።» ትናንት ያልነበረ ክልከላ ዛሬ ጠዋት አርጅቶ፣ ወፍ ኩስ ጥሎበት፣ ጥጉ ዝጎ ይገኛል። የሚከራከር አልነበረም። ሰው ከአዲስ ትእዛዝ ጋር ይጣላል፤ ከአሮጌ ጋር ግን ምን ብሎ ይጣላል? «ለካ ከድሮም አይቻልም ነበር» ይልና እንስራውን አዝሎ ወደ ሌላ ምንጭ ይሄዳል።

አንድ የግንቦት ቀን ረፋዱ ላይ ዘበኛዋ ወደ ትርሲት መጥታ «አንዲት እናት ይፈልጉሻል። ወደ ላይ ይውጡ ብላቸው እምቢ አሉኝ» አለቻት።

እትዬ ደብሪቱ ነበረች። እትዬ ደብሪቱ ትርሲትን ያሳደገች ጎረቤት ናት። ትርሲት በሰባት ዓመቷ እናቷ ስትሞት፣ ዘመድ ገና ማን ይውሰዳት እያለ ሲመካከር፣ ደብሪቱ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባቻት። ማንንም አልጠየቀችም። አሁን ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን ውሃ ከሚባለው ወንዝ ዳር ባላት ቁራሽ መሬት ላይ ጎመንና ካሮት፣ ጥግ ጥጉን ቀይ ሥር እያለማች ትኖራለች። ወልዳ አታውቅም፤ ባሏም ሞቷል። ያለቻት ያቺ መሬትና ትርሲት ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«መጥሪያ ደረሰኝ።» ወረቀቱን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። «ሃያ ዓመት ሙሉ የተከለከለ መሬት ስታርሺ ኖረሻል ነው የሚሉኝ።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«ምልክት ቆሟል ይላሉ። ሄጄ አየሁት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አለ እኮ ልጄ። አርጅቶ፣ ቀለሙ ረግፎ ቆሟል። ዓይኔ ደክሞ ሳላየው ኖሬ ይሆን?»

ትርሲት ሽርጧን ፈትታ ተከተለቻት።

ምልክቱ ከጎመኑ መደብ ራስጌ፣ በሲሚንቶ እግር ላይ ቆሟል። ቆርቆሮው ዝጓል፤ አንድ ጥጉ ተጣሟል። «ከወንዙ ወዲህ ማረስ ክልክል ነው» ይላል። ትርሲት ቃሉን አላነበበችም፤ ፊደሎቹን ነው ያየችው። «ክልክል» ከሚለው ሁለተኛዋ «ክ» ላይ ዓይኗ ተተከለ። የግራ እግሯ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ የወጣ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ያን ስንጥቅ ትርሲት አስባ አልሠራችውም። ባለፈው ኅዳር ሦስተኛውን «ክ» ስትቀርጽ መሮው አዳልጧት፣ እንጨቱን ሰንጥቆ አውራ ጣቷን በልቷት ነበር። አቶ ምትኩ አይተው «ተይው፣ ያምርበታል» ብለዋት ነው የቀረው።

«እትዬ» አለች፣ «ይህ ምልክት ሰባት ወር አልሞላውም።»

ደብሪቱ አየቻት፣ ምልክቱን አየችው፣ እንደገና አየቻት። «እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አሮጊቷ ያለችው «አንቺ?» ብቻ ነበር።

ሸንጎው የተሰየመው በቀበሌው አዳራሽ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። የአካባቢው ሰው ከሃምሳ አያንስም። ሰብሳቢዋ ዳኛ አስካለ ረጋ ያሉ፣ ሰው ሳያቋርጡ የሚሰሙ ሴት ነበሩ። የክሱ ወረቀት ተነበበ። ምስክር ተጠራ። የመጀመሪያው ምስክር ጋሽ ተካልኝ ነው፤ የደብሪቱ የድንበር ጎረቤት፣ ብስክሌት ጠጋኝ፣ አብሯት ሠላሳ ዓመት ማኅበር የጠጣ ሰው።

«ምልክቱን ያውቁታል?» አሉት ዳኛዋ።

«አውቀዋለሁ እንጂ። ወጣት ሆኜ በብስክሌት ተላትሜበታለሁ።» ወደ ደብሪቱ ዞረ። «ደብሪቱ፣ እንዳትቀየሚኝ። መዋሸት አልችልም።»

ትርሲት ፊቱን አየችው። አልዋሸም። ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ ለጎረቤቱ እያዘነ፣ የሚያስታውሰውን እየተናገረ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ሰዎችም እንዲሁ። አንዷ ምልክቱ ሥር እረፍት አድርጋ ልጇን ታጠባ እንደነበር ተናገረች። ልጇ አሁን መምህር ነው።

ትርሲት ተራዋ ሲደርስ በጨርቅ የጠቀለለችውን የዋንዛ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ማስረጃ አለዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«የምሠራው ማስረጃ ክፍል ነው» አለች ትርሲት። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ምልክቱ ላይ ያለውን ፊደል የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ክልክል ከሚለው ሁለተኛዋ ክ የወጣችው ከዚህ ሰሌዳ ነው። ስንጥቋን ከስንጥቋ ያስተያዩት። የቀረጽኳት ባለፈው ኅዳር ነው። ከዚያ በፊት ይቺ ፊደል በዓለም ላይ አልነበረችም። ምልክቱ እንዴት ሃያ ዓመት ይሆነዋል?»

የምልክቱ ፎቶ ቀረበ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ከፎቶው ጎን አስተያዩ። ስንጥቁ ልክ ነበር። ትርሲት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።

ዳኛዋ ሰሌዳውን ገለበጡት። ጀርባውን በጣታቸው ዳበሱት። ጠርዙ ተበልቷል፤ እንጨቱ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ የጨው ነጭ ምልክት ከቃጫው ውስጥ ወጥቶበታል፤ ጥጉ ላይ እሳት የነካው ጠባሳ አለ።

«ይህ እንጨት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእኔ ዕድሜ አይተናነስም።»

«እኔ ነኝ ያስረጀሁት።»

«እንዴት አድርገው?»

«በጨው ውሃ፣ በፀሐይ፣ በፍም። ሥራዬ ነው።»

«ስለዚህ ሲያዩት አሮጌ የሚመስል ነገር መሥራት ይችላሉ።»

«እችላለሁ።»

«አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ነገርስ በእጅዎ አለ?»

ትርሲት አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አልነበራትም። አዲስ የነበረውን ሁሉ በእጇ አጥፍታዋለች፤ የተከፈለችውም ለዚሁ ነበር። አውራ ጣቷን ዘረጋች፤ ጠባሳው ቀጭን ነጭ መስመር ሆኗል። ዳኛዋ አይተው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ አንዲት ሴት «ከአባቶቿ የወረሰችው ይሆናል» አለች፤ ሌላዋ «ምስኪን፣ ላሳደገቻት ብላ እኮ ነው» አለች። ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ዳኛዋ ወደ ደብሪቱ ዞሩ። «እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ምልክቱ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ደብሪቱ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከፊቷ ተካልኝ አለ፤ ልጅ ያጠባችው ሴት አለች፤ ሃምሳ የሚያውቃት ሰው አለ። ትርሲትን አላየቻትም።

«እኔ እንግዲህ...» አለች። «ሳስበው ሳስበው፣ የነበረ ይመስለኛል።»

«እትዬ!»

«ተይኝ ልጄ። ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ እሆናለሁ? ነበር መሰለኝ። ድሮ።»

ሸንጎው በሦስት ቀን መሬቱን እንድትለቅ ወሰነ። በዕድሜዋ ምክንያት ሌላ ቅጣት ቀረላት። ሰዉ ዳኛዋን መረቀ። ተካልኝ ደብሪቱን ደግፎ ደረጃውን አወረዳት።

በማግስቱ አቶ ምትኩ ትርሲትን ወደ ቢሯቸው አስጠሯት። ወንበር ስበው አስቀመጧት። ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ሠርተዋል፤ እናቱን የሚጦር፣ ለሠራተኛ የሚያስብ ሰው ናቸው እያለ ነበር ሁሉም የሚያወራላቸው።

«የተቆጣ የለም» አሉ። «ማንም ሰው ላሳደገችው እንዲህ ያደርጋል። እኔም አደርገው ነበር።»

«አቶ ምትኩ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ኅዳር ላይ ተይው ያምርበታል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ምትኩ አሰቡ። ትርሲት ዓይናቸውን እየተከታተለች ነበር። ሲዋሹ ብታገኛቸው ደስ ባላት። ግን ሰውየው ከልባቸው ያስቡ ነበር።

«ብዬ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ነገር እላለሁ።» ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፉ። «ይቺን ዛሬ አድርሽልኝ። ለራሳችን በር ናት።»

ወረቀቱ ላይ በማሽን ፊደል፣ በንጹሑ፣ አንድ መስመር ተጽፏል፦ የማስረጃ ክፍል ሠራተኛ በሸንጎ አይመሰክርም።

«ይህ መቼ ነው የተወሰነው?»

«በድሮ ነው የሚጻፈው» አሉ አቶ ምትኩ።

«እሱን አልጠየቅኩም። መቼ ተወሰነ?»

«ትርሲት፣» አሉ፤ ድምጻቸው ውስጥ ልመና ነበረ፣ «በድሮ ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ሰቀለች። መሮዋን መውሰድ ፈልጋ ነበር፤ የቤቱ ንብረት መሆኑ ትዝ ሲላት መለሰችው። ስትወጣ ዘበኛዋ «ቶሎ ወጣሽ ዛሬ» አለቻት። ከዚህ ሌላ የተሰናበታት ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ መሬቱ በሚለቀቅበት ዋዜማ፣ ትርሲት ዶማ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ደብሪቱ ቀድማ ደርሳለች። ካሮቱ ተነቅሎ በጆንያ ሆኗል፤ ጎመኑ ተቆርጧል። ሁለቱ ከሸንጎው ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። ትርሲት ተቆጥታ ልትመጣ አስባ፣ የአሮጊቷን ጎንበስ ያለ ጀርባ ስታይ ቁጣዋ በመንገድ ላይ ቀረ።

«ጌሾዋን ላንሳ ብዬ ነው» አለች ደብሪቱ ቀና ሳትል። «ጓሮሽ ውስጥ ትተክያታለሽ። እዚህ ጥለናት ብንሄድ ነቅለው ይጥሏታል።»

ጌሾዋ ከምልክቱ ሁለት እርምጃ ርቃ የቆመች፣ በቁመት ከሰው የምትስተካከል ቁጥቋጦ ናት። ትርሲት ዙሪያዋን ቆፈረች። አፈሩ ለስላሳ ነበር፤ ሥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንደኛው፣ ወፍራሙ፣ እምቢ አለ። ወደ ምልክቱ ነው የሚሄደው። እየተከተለችው ቆፈረች፤ ሥሩ የምልክቱ ሲሚንቶ እግር ውስጥ ገባ።

«እትዬ፣ ይህን እይ።»

ደብሪቱ ተንበረከከች። ስለ ፊደል አታውቅም፤ ስለ ሥር ግን ማንም አያስተምራትም። በጣቷ አፈሩን ጠረገች። ሥሩ ሲሚንቶውን አልዞረውም፤ ከበታቹ ሾልኮም አላለፈም። ሲሚንቶው ሥሩ ላይ ፈስሶ፣ አቅፎት፣ የልጡን ሽብሽብ እንደ ማኅተም ይዞት ደርቋል። በወዲያ በኩል የወጣው ጫፍ ሞቷል፤ ግን ገና አልበሰበሰም።

«ሲያፈሱት ሥሩ እዚህ ነበረ» አለች ደብሪቱ።

«አዎ።»

«ይቺን ጌሾ የተከልኳት ባሌ የሞተ ዓመት ነው። አራት ዓመቷ ነው።»

«አዎ እትዬ።»

ትርሲት አሮጊቷ ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። ወይ ትጮኻለች፣ ወይ ሰው ጥሪልኝ ትላለች፣ ወይ ምልክቱን በዶማ ትለዋለች። ደብሪቱ ግን አፈር የያዘ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ነበር አልኩ» አለች። «በሰው ፊት ቆሜ፣ በገዛ አፌ፣ ነበር አልኩ። ስልም ታየኝ እኮ። ባሌ ምልክቱን ተደግፎ ሲቆም ሁሉ ታየኝ።» ትርሲትን ክንዷን ያዘቻት፤ አያያዟ ያማል። «ሌላስ? ሌላ ያልነበረ ስንት ነገር ነበር ብያለሁ?»

«እትዬ፣ ተረጋጊ።»

«ባሌ ግራኝ ነበር አይደል?»

«ነበር። በግራው ያጎርሰኝ ነበር፤ አንቺ ትቆጪው ነበር።»

«እናትሽ ስትናደድ ትንተባተብ ነበር?»

«ነበር።»

«አንቺ ኩፍኝ ወጥቶብሽ ሳምንት አቅፌሽ አድሬያለሁ?»

«አድረሻል።»

ደብሪቱ በእያንዳንዱ መልስ ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ አንድ ዕቃ ተቀብላ ጉያዋ ውስጥ እንደምታስቀምጥ። ከዚያ ወደ ወንዙ ዞረች።

«እዚህ ላይ የድንጋይ ድልድይ ነበረ?»

ትርሲት ድልድዩ ይታያታል። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ የደብሪቱን እጅ ይዛ ስትሻገር፣ ድንጋዩ በጫማዋ ሥር ሲቀዘቅዝ ይሰማታል። ግን ሥዕሉን የት እንዳየችው አታውቅም። ኖራው ይሆናል። ወይም ደግሞ ከአንድ የሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ፣ በራሷ ፊደል ከተጻፈ ተረት ሥር ያየችው ይሆናል። ሁለቱን የሚለይ ነገር ውስጧ ፈለገች፤ አጣች።

«አላውቅም እትዬ» አለች።

ደብሪቱ አልወቀሰቻትም። ተደግፋት ተነሣች፣ ዶማውን አነሣች። ጎመኑንም፣ ጆንያውንም፣ ግማሽ የተነቀለችውን ጌሾም ትተው ቁልቁል ወደ ውሃው ወረዱ። ዳርቻው ደለል ለብሷል። አሮጊቷ ድልድዩ እግር ሊኖረው ይችላል ብላ ያሰበችበትን ቦታ በዓይኗ ለካች፣ ዶማውን ለትርሲት ሰጠቻት።

ትርሲት ቆፈረች። አንድ ክንድ ያህል ስትወርድ ዶማው ድንጋይ መታ። ድልድይ ይሁን የወንዝ ድንጋይ ገና አይታወቅም። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተንበርክከው ደለሉን በእጃቸው መጥረግ ጀመሩ።